ገብስ የበላበት ደጅ

ጣሊያን ጉለሌ ላይ የፈረስ ማከሚያ ከፍቶ የሰው እጅ ቢያንሰው ሴቶችም ይሠልጥኑ አለ። የዓለምወርቅ የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ ሄደች። ባሏ ጉታ እንጦጦን ተሻግሮ ጫካ ከገባ ገና አራት ወሩ ነበር። ለጎረቤት ግን «ሞቷል» ብላ ከል ለብሳለች።

የሚያሠለጥናቸው ስብሐት የሚባል አስተርጓሚ ነው። ቁስል በሞቀ ውኃ ማጠብ፣ ፋሻ ማሰር፣ ኮቴ መጥረግ፣ የሰለለ እግር ማሸት አስተማራቸው። የዓለምወርቅ ፊደል እንኳ በቅጡ አልጨረሰችም፤ እጇ ግን ቶሎ ያዘው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ዳማ ፈረስ እያነከሰ ገባ። ጭኑን ጥይት በስቶታል። እንጦጦ ላይ ከሽፍታ የተማረከ ነው አሉ።

ልጇ ከጀርባዋ ላይ ሆኖ እጁን ዘረጋ። «አባ!» አለ።

ፈረሱ የጉታ ነበር።

«ምን አለ?» አለ ስብሐት።

«ያየውን ሁሉ አባ ነው የሚል፣ ጌታዬ። ትናንት አህያውንም ብሎታል።»

«አህያውንም?» አለች ቡርቱካን፣ አብራት የምትሠለጥነው። «እንግዲህ የልጁን ነገር አንቺ ነሽ የምታውቂው!»

ሴቶቹ ሳቁ። ስብሐትም ሳቀ።

«ይኼን አንቺ ያዢው» አላት። «የዳነ ለት ልጓሙን አውልቀን እንለቀዋለን። ፈረስ ገብስ ወደበላበት ደጅ ነው የሚሄድ። የሽፍታውን ቤት ራሱ ያሳየናል።»

ቤቱ ቀጨኔ ነው። እሷና ልጇ የሚያድሩበት።

እንዳይድን ብታደርግስ? አንድ ቀን ፋሻውን አጥብቃ አሰረችው። እግሩ አበጠ። ስብሐት አጎንብሶ አየና ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ሁለተኛ እንዲህ ባገኘው ለጣሊያኑ ነው የምነግር። ለልጅሽ እዘኚለት።»

በቃ፣ አዳነችው። ግን ስብሐት ያስተማራቸው ሌላም ነገር ነበር፤ አዲስ ፈረስ ወደ ድሮ ጌታው እንዳይኮበልል አርባ ቀን አንድ ደጅ ላይ ገብስ ማብላት ነው፤ የቀድሞውን ይረሳል።

ለጭኑ ዳገት ይሻለዋል ብላ አስፈቀደች። በየቀኑ ወደ ቁስቋም ታወጣዋለች። ጠባቂው ወታደር ከታች መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ ያጨሳል፤ የሚያነክስ ፈረስ የት ይደርሳል? ከላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ አንድ ወና ጎጆ አለ። ሰዎቹን ባለፈው የካቲት ጣሊያን ፈጅቷቸዋል። ከእንግዲህ ምን ያደርጋቸዋል አለች። እደጁ ላይ ገብስ ታፈስለታለች፣ አንገቱን ታሻሻለች፣ የተረፈውን እዚያው ትታ ትወርዳለች።

«ቤትህ ይኼ ነው» ትለዋለች። «ቀጨኔን እርሳው፣ የኔ ጌታ። ስለዚህ ሕፃን ብለህ እርሳው።»

በነጋታው የተረፈው ገብስ አይገኝም። ወፍ ነው አለች። አንድ ቀን ደግሞ ገርበብ ብሎ የነበረው በር ተዘግቶ አገኘችው። ነፋስ ነው አለች። ሐሳቧ ሁሉ አርባው ቀን ላይ ነበር።

በአርባ ሁለተኛው ቀን ልጓሙ ወለቀ። ስድስት ወታደሮች ከኋላ ሆኑ። የዓለምወርቅም ልጇን አዝላ እንድትከተል ታዘዘች።

ፈረሱ መንታው መንገድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ታች ቀጨኔ ነው፣ ወደ ላይ ቁስቋም። ጆሮውን ወደ ቀጨኔ ቀሰረ። አንድ እርምጃም ተራመደ።

የዓለምወርቅ በልቧ መድኃኔ ዓለምን ጠራች።

ፈረሱ ዞረና ዳገቱን ያዘ።

«ምን ያስለቅስሻል?» አላት ስብሐት።

«ደስ ብሎኝ ነው፣ ጌታዬ። አያነክስም እኮ፣ ይዩት!»

ፈረሱ ጎጆው ደጅ ደርሶ ቆመ። አንገቱን ወደ በሩ ዘርግቶ አሽካካ። ወታደሮቹ ከየዛፉ ኋላ ጠመንጃቸውን ደገኑ።

«ወና ቤት ነው» አለች የዓለምወርቅ፣ እንባዋን እየጠረገች። «ማንም የለበትም፣ ጌታዬ።»

በሩ ከውስጥ ተከፈተ፤ ልጇም ከጀርባዋ ላይ እጁን ዘርግቶ «አባ!» አለ።