ድስት የምትፈራው ምራት

«አትንኪው! መጀመሪያ እንፋሎቱ ይውጣ!»

ምራቲቱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ዘለለች...

«ወይኔ እማዬ፣ ሊፈነዳ መስሎኝ እኮ ነው! እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?»

አማቷ ሳቁ።

ከሁለት ወር በኋላ የሳቁት የመጀመሪያ ሳቅ ነበር...

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ታሪኩን የላከልኝ ልጃቸው ራሱ ነው። ሹፌር ነው።

እናቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። በየቀኑ አራት መቶ ተማሪ ከእጃቸው ይበላ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ እሱና ሚስቱ ጋር መኖር ጀመሩ። መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር... ኋላ ግን መርሳት መጣ።

አንድ ቀን ድስት ጥደው ልብስ ሊያሰጡ ወጡ። ድስቱ ከሰል ሆነ።

ሌላ ቀን ደግሞ የኩሽናው መጋረጃ ተያያዘ... ጎረቤት ደርሶ ነው ያጠፋው።

ልጅየው ከሥራ ሲመጣ ግድግዳው ጠቁሮ አገኘው። ድንጋጤው በቁጣ ወጣ።

«እማዬ በቃ! ካሁን በኋላ እግርሽ ኩሽና እንዳይገባ! ልትገድይን ነው እንዴ?»

እናትየው ሽርጣቸውን ፈቱ... አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮት ሥር ወንበር ላይ ናቸው። ጠዋትም እዚያው... ከሰዓትም እዚያው።

«እማዬ፣ ምሳ?»

«ጠግቤያለሁ።»

«ቴሌቪዥን ልክፈትልሽ?»

«ተወው ልጄ...»

ልጅየው ተጸጽቷል። ግን ይቅርታ ማለት አቃተው። ደግሞ እሳቱ በእርግጥ ያስፈራዋል... እውነቱን ነው።

ሚስቱ ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው። ስጋ አትበላም። «የኔ ጥንቸል» ነው የሚላት። ቤት ውስጥ ምግብ የሚሠሩት እናትየው ነበሩ፤ እሳቸው ከተከለከሉ ወዲህ ግን ከውጭ ነው የሚገዛው።

አንድ ቅዳሜ ትልቅ ካርቶን ታቅፋ ገባች። በእንፋሎት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ድስት! ነበልባል የለው፣ ጋዝ የለው... ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ ይጠፋል።

አማቷ ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ ስጋ የሌለበት፣ በክሬም የተሠራ ፓስታ አምሮኛል። ይህን ዕቃ ግን ፈራሁት። ሙያም የለኝ... ያውቁኛል። እባክዎ ይርዱኝ።»

«እኔ ኩሽና አልገባም። ተከልክያለሁ።»

«እሺ እርስዎ አይግቡ። ድስቱ ይውጣ!»

ድስቱን ሳሎን አመጣችው። ጠረጴዛው ላይ ጉብ አደረገችው።

እናትየው ድስቱን አዩት... ምራታቸውን አዩ... ተነሱ።

«ነጭ ሽንኩርት እንዲህ አይከተፍም! አምጪ ወዲህ!»

«እንጉዳዩ መጀመሪያ ቅቤው ላይ ይጠበስ፣ ውሃውን ይጨርስ።»

«ፓስታውን ስበሪና አመሰቃቅለሽ በትኚው። አንድ ላይ ከተኛ ይጣበቅብሻል። ውሃው ልክ እስኪሸፍነው ብቻ፣ በቃ።»

«ክሬሙንስ አሁን ልጨምረው እማዬ?»

«እንዴ! ከሥር እንዲያርርብሽ ነው? ክሬምና ፎርማጆ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ነው!»

ያኔ ነው እንግዲህ «አትንኪው!» የመጣው። ሳቁም የመጣው።

የዚያን ቀን እናትየው ሁለት ሳህን በሉ።

ከዚያ በኋላ ምራቲቱ ከሥራ ስትመለስ ከበር ነው የምትጣራው። «እማዬ! ይርዱኝ!» አንድ ቀን ቆስጣ ይገባበታል፣ አንድ ቀን ካሮት። ወንበሩ መስኮት ሥር ባዶውን ይውላል።

ልጅየው ግን ግራ ገባው።

«ሁለት ወር ሙሉ አንድ ፓስታ መልመድ አቃተሽ?»

«ፈሪ ነኝ አልኩህ እኮ!»

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መኪናውን ማተሚያ ቤቱ በር ላይ አቁሞ ሰላም ሊላት ገባ።

የማን ባል እንደሆነ ሲናገር ጥበቃው ጨበጠው። «የሼፋችን ባል አንተ ነህ? ታድለሃል ወንድሜ!»

«የማን?»

«ሚስትህ ናታ! ከሥራዋ ጎን ለጎን ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳ እያበሰለች የምታበላን እሷ አይደለች?»

ወደ ውስጥ ዘለቀ...

ሚስቱ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ እያወራች፣ ልክ ቤት ያለውን የመሰለ ድስት እንፋሎት ስታስወጣ ደረሰ። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«አንቺ... አንቺ ይህን አትፈሪም ነበር?!»

ስልኩን ዘጋች። ፊቷ ቀላ።

«እማዬን 'ልርዳዎት' ስላቸው እምቢ ይሉኛል። 'ይርዱኝ' ስላቸው ግን ተነስተው መጡ... ታዲያ ምን ላድርግ?»

ልጅየው የፓስታ ሽታ በሞላበት ክፍል፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየው፣ ሚስቱን አቅፎ እንባው መጣ።

የዚያን ቀን ቀጥታ ወደ ቤት ነዳ። እናቱ እግር ሥር ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ የዚያን ቀን ስለጮኩብሽ... ይቅር በይኝ።»

«ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ። ተነስ፣ ሱሪህ ይቆሽሻል።»

«ሌላም ነገር አለ... ሚስቴ እኮ...»

«ምግብ መሥራት ትችላለች። አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ስንት ወጥ ቤት ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ! የማያውቅ ሰው የመጣለትን ነው የሚጠይቀው። እሷ ግን እኔ የምመልሰውን ብቻ እየመረጠች ነበር የምትጠይቀኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እናትየው ፈገግ አሉ።

«እኔን ለማስደሰት ይህን ያህል ስትለፋ... እንዴት ብዬ ደስታዋን ልቀማት? ደሞ እንዳትነግራት! አፍህን ያዝ!»

...

ወዳጆቼ፣ ያረጀን ሰው «ቁጭ ይበሉ፣ ይረፉ» ማለት አክብሮት ይመስለናል።

አንዳንዴ ግን ትልቁ አክብሮት «ያለ እርስዎ አልችልም» ብሎ መለመን ነው።

ሹፌሩ ይህን ሲጽፍልኝ እናቱ ማወቃቸውን ለሚስቱ ገና አልነገራትም። በየቀኑ ሁለቱ አንዷ ለሌላዋ ሲተውኑ እያየ ፓስታውን ይበላል...

እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር? ወይስ እንደሱ ዝም ብላችሁ ትበሉ ነበር?

መልሳችሁን ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ።