ያልተረጨው ማሳ

ተምች በቆሎውን ሲወርረው የሰፈሩ ገበሬ ሁሉ የመድኃኒት መርጫውን አዝሎ ማሳው ገባ። አንዱ ገበሬ ግን ዋርካው ሥር ተጋደመ።

"ሰው ሲረጭ አንተ ታንኮራፋለህ! ዘንድሮ ልጆችህን ምን ልታበላቸው ነው?" አለችው ሚስቱ ማንጠግቦሽ።

"ነገ እረጫለሁ አልኩሽ እኮ።"

ያ ነገ ሳይመጣ መስከረም ጠባ።

አንድ ጠዋት የግብርና ባለሙያዋ ሰዎች አስከትላ ማሳው ስትገባ ቢያይ፣ ሊቀጡኝ ነው ብሎ ከጎተራው ኋላ ተሸሸገ። ማንጠግቦሽ ጎትታ አወጣችው።

"የሌላው ተረጭቶም ተበላ፤ የእርስዎ ግን ተረፈ" አለችው ባለሙያዋ፣ በቅጠሉ ላይ የምትሄድ ትንኝ የምታህል ተርብ እያሳየችው። "የተምቹን እንቁላል የምትጨርሰው ይህች ናት። ሌላው ማሳ ላይ መድኃኒቱ እሷንም ፈጃት። ለመሆኑ ሳይረጩ እንዴት ታገሡ?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "ቀላል አልነበረም" አለ።

ማንጠግቦሽ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

በሳምንቱ "ሞዴል አርሶ አደር" ተብሎ ተጠራ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሽልማቱን ከነካርቶኑ ተሸክሞ ቤቱ ሲገባ ማንጠግቦሽ ቸኩላ ቀደደችው።

አዲስ የመድኃኒት መርጫ ነበር።