እጅሽን አውርጂ

ቡጢው ዳግመኛ ግንባሯ ላይ አረፈ። አባቷ እጁን በሶፋ ስፖንጅ ጠቅልሎታልና አላመማትም። ያሳፈራት የገዛ ክርኗ ነው፤ የተነሣው ቡጢው ወደመጣበት ከተመለሰ በኋላ ነበር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለ አባቷ፣ ጨርቁ በተገፈፈ ሶፋ ዙሪያ እየዘለለ። «ነግሬሻለሁ፣ ልጄ። ክርን ለአውቶቡስ ግፊያ ነው። ቡጢ የሚያቆም ክርን እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ሳቋ መጣ። እንደ ልማዷ ክንዷን አጥፋ ፊቷን ከኋላው ደበቀች።

«እጅሽን አውርጂ!» አለች እናቷ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ ሳትል።

ይህን ትእዛዝ ከስሟ እኩል ስትሰማው ነው ያደገችው። እንግዳ ስሟን ሲጠይቃት፣ አስተማሪ ሲያመሰግናት፣ ፎቶ አንሺ «ፈገግ በይ» ሲላት ክርኗ ማንንም ሳያማክር ሽቅብ ይወጣል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ ሁለት ፊትና አንድ ክርን ነው።

እጇን አወረደች። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባዬ።»

«ቅድምም አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልሽው።»

«የቅድሙ ልምምድ ነው።»

አባቷ ሶፋ ሠሪ ነው፤ በወጣትነቱ ግን ቦክሰኛ ነበር። አፍንጫው ወደ ግራ ያዘመመው ያኔ ነውና በዚህ ቤት የቡጢ ነገር ሲነሣ ከእሱ በላይ ተናጋሪ የለም። እሷ ደግሞ ዳቦ ቤት ተቀጥራለች፤ ሥራዋን የምትጀምረው ነገ ነው። ዳቦ ቤቱ እሳቱን የሚያነድደው ከተማው ገና እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ መንገዱ ለውሻና ለዘበኛ ብቻ በተተወበት ሰዓት ነው። «በዚያ ጨለማ ብቻሽን? በሕይወቴ እያለሁ አይሆንም!» ብሎ ነበር አባቷ። ለመነችው፤ አኮረፈችው፤ እናቷን በአማላጅነት ላከችበት። በመጨረሻ ሲጨንቀው፣ «እሺ፣ አንዲት ቡጢዬን መልሺና ሂጂ» አላት። እንደማትመልሳት እርግጠኛ ነበር።

በክርን መከላከልን ያስተማረቻት ጓደኛዋ ናት። «ክርንሽን አንሺ፣ ፊትሽን ከኋላው ደብቂ፤ ከዚያ በኋላ የሚያመው መቺውን ነው» ብላታለች። ሲነገር እንዴት ይቀላል! እሷ ግን «አሁን ላንሣ» ብላ እስክታስብ ቡጢው ደርሶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ይመለሳል።

«ስፖንጁን አውልቀው» አለች።

«ምን?»

«ብመልሰው ‹ስፖንጁ ነው ያዳነሽ› ልትለኝ ነው።»

አባቷ ደንገጥ አለ፤ በልቡ ያዘጋጀው ማምለጫ ይኸው ነበርና። ስፖንጁን ቀስ ብሎ ፈታ። የእጁ ጀርባ ወፍራም ነው፤ በመዶሻና በምስማር የኖረ እጅ። ይህ እጅ ያለ ስፖንጅ አንድም ቀን አርፎባት አያውቅም። አሁንም በቡጢ ጨብጦት ሳለ እሱን ራሱን የከበደው ይመስላል።

እግሯን አስተካከለች። ዛሬ ካልሆነላት ነገ በዚያ ሰዓት እንደ ሕፃን ተጠቅልላ መተኛቷ ነው።

የአባቷ ቀኝ ትከሻ ነቅነቅ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች እናቷ ድንገት፣ «ይህች ልጅ እንዲህ የምትሟሟተው ለዳቦው መስሎህ ነው? ጋጋሪው መልከ መልካም ነው አሉ። ባለፈው ሂሳቧን ከፍላ ዳቦውን እዚያው ጥላ የመጣችው ለምን ይመስልሃል?»

«እማዬ!»

ፊቷ እሳት ሆነ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቡጢውንም፣ ጓደኛዋንም፣ ነገንም ረሳች። ክርኗ ብቻ ሥራውን አልረሳም።

ቋ!

«ወይኔ እጄን!» አባቷ ጣቶቹን ብብቱ ሥር ቀብሮ በአንድ እግሩ ዞረ፤ ሶፋው ጠለፈውና ስፕሪንጉ ላይ ቁጭ አለ። ስፕሪንጉም ሽቅብ አነጠረው። «ግንባርሽ ጋ ሳልደርስ ላቆመው ነበር እኮ! ይኼ ክርንሽ መንገድ ላይ ጠበቀኝ!»

«አመመህ፣ አባዬ? እኔን!»

«አመመህ ትለኛለች! አንቺስ? አንቺን አላመመሽም?»

ክርኗን ዳሰሰችው። ትንሽ ሞቅ ብሎታል፤ ሌላ ምንም የለም። አባቷ አያት፤ ክርኗን አየ፤ ያበጠ ጣቱን አየ። ከዚያ ያ የዘመመ አፍንጫው ሥር ሳቁ ፈነዳ። «ሚስቴ፣ አየሽልኝ? ስንቱ ቦክሰኛ ያልመለሰውን ቡጢ በዓይን አፋርነቷ መለሰችው!» ሦስቱም እየተያዩ ሳቁ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይጀምራል።

«ቆይ ግን፣» አላት ሚስቱን እንባውን እየጠረገ፣ «አንቺ ነሽ ያስመታሽኝ!»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? ቁጭ ብዬ በምሰፋበት!»

ልጅቷ ወደ ስፌት መኪናው ዞር አለች። በመርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም።

አባቷ ቀኝ እጁን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ተቀመጠ። ከዚያ በግራ እጁ ከመደርደሪያው የደወል ሰዓቱን አወረደ። በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ በማይታዘዙት የግራ ጣቶቹ ቁልፉን መጠምዘዝ ጀመረ።

«ስንት ሰዓት ላይ ልሙላው?» አለ፣ ቀና ሳይል።

ደስታው ከመልሷ ቀድሞ ፊቷን ሞላውና ክርኗ በራሱ ጊዜ ሽቅብ ወጣ።

እናቷ ከልማድ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ሲደርስ ያዘችው፤ ባልዲውን አየች፤ ፈገግ አለች።

«እንዳታወርጂው» አለች።