የአባቴ ምስማር

«ምነው፣ ሁሉም ሞተዋል እንዴ?» ይላል አባቴ፣ ስልኬን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ።

እኔ ከኋላው ቆሜአለሁ። ሦስት ወር ሙሉ የለፋሁበት ድረ ገጽ በሰዓት ሠሪ ጣቶቹ መካከል ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ፊደሎቹ ወርቃማ። የአንድ ውድ የሰዓት መደብር ድረ ገጽ ላይ አፍጥጬ ከርሜ፣ መስመር በመስመር አስመስዬ የሠራሁት ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ስልኩ ነው።

«አልሞቱም አባዬ። ለፎቶው ብዬ ነው ያቆምኳቸው።»

እዚያ ባየሁት ገጽ ላይ ሰዓቶቹ በሙሉ ትንሹን ቆጣሪ አሥር ላይ፣ ትልቁን ሁለት ላይ አድርገው፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ ሰው ይታያሉ። እኔም አባቴ ጠግኖ ለሽያጭ ያስቀመጣቸውን አሥራ አራት ሰዓቶች አንድ በአንድ አቁሜ፣ እጃቸውን እንደዚያው አዘርግቼ ፎቶ አነሳኋቸው። ያማረልኝ መስሎኝ ነበር።

«ሰዓት ሠሪ ሆኖ የቆመ ሰዓት የሚያሰልፍ!» ይላል አባቴ። «ይኼማ ጥርስ የሌለው የጥርስ ሐኪም ማለት ነው።»

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ በሩን ተደግፋ ትስቃለች። «ጋሼ፣ አይቆጡት እንጂ። ዝምተኛው እኮ ስንት ቀን አንገቱን ደፍቶ የሠራው ነው።»

ዝምተኛው እኔ ነኝ። ስም ያወጣችልኝም እሷ ናት።

ዋናው መንገድ ለቁፋሮ ከተዘጋ ወዲህ ወደኛ ጥግ ብቅ የሚል ሰው የለም። ገጹን ለሰው ሁሉ መክፈት የፈለግኩት ለዚህ ነው። ነገር ግን አናቱ ላይ የሚጻፈው የአያቴ ስም ነው፤ በራችን ላይ ያለው። አባቴ ካልፈቀደ ያንን ስም የትም አላወጣም። እምቢ ካለኝ የሦስት ወር ልፋቴን ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ።

አባቴ ገጹን በአውራ ጣቱ ይገፋል። «‹በቀጠሮ ብቻ እንቀበላለን›» ብሎ ጮክ ብሎ ያነባል። «እኛ? ከመቼ ጀምሮ?»

ፊቴ ይግላል። «እነሱ እንደዚያ ብለው ስለጻፉ ነው።»

«እነሱ በራቸው ላይ ዘበኛ አላቸው። የኛ በር በድንጋይ ተደግፎ ነው የሚውለው።»

«እኔ ታዲያ ቀጠሮ ሳልይዝ ነው የገባሁት፤ ልውጣ?» ትላለች ልብስ ሰፊዋ። አባቴ ሳይወድ በግዱ ይስቃል።

«ደግሞ ‹ቅርንጫፎቻችን› ይላል። ‹ከልብስ ሰፊዋ ቀጥሎ›።»

«እሰይ! እኔም ገብቼበታለሁ!»

ከዚያ የአባቴ ጣት ይቆማል። የገጹ ግርጌ ላይ ደርሷል። በዚያ መደብር ገጽ ላይ እዚህ ቦታ የነበረው ፊልም ነው፤ ሰዓት እየተሽከረከረች ታበራለች። እሱን ማስመሰል አቃተኝ። ስለዚህ ክቡንም፣ ቁጥሮቹንም፣ ሦስቱንም ቆጣሪዎች ስልኩ በሚገባው ትእዛዝ ጽፌ፣ የራሴን ሰዓት ሠራሁ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ሄደችብኝ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ፊት ሄደች።

«ይቺስ?»

«እሷን ከማንም አልቀዳሁም» እላለሁ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። «እኔ ነኝ የሠራኋት። ትሄዳለች።»

አባቴ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ይሰካል። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ከስልኩ ጎን ያጋድማል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዚያች የእጅ ሰዓት ነው። ልብስ ሰፊዋም በሩን ትታ ጠጋ ትላለች። አንድ ደቂቃ ያልፋል፤ ሁለት። የሁለቱ ሴኮንድ ቆጣሪዎች እኩል ይራመዳሉ።

«ማን ነው የሚሞላት?»

«ማንም አይሞላትም።»

«ታዲያ እንዴት ትሄዳለች?»

እነግረዋለሁ። ቆጣሪዋ በየሴኮንዱ ስድስት ዲግሪ እንድትዞር እንዴት እንዳዘዝኳት፣ ደቂቃውን ከምን እንደምታገኝ፣ የት የት እንደተሳሳትኩ። እጄ አየር ላይ ክብ ይሠራል። አባቴ የሰዓት ጥርሶች ሲቆጥር እንደሚያደርገው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይሰማኛል። በሕይወቴ ይህን ያህል ሳያቋርጠኝ ሰምቶኝ አያውቅም፤ እኔም ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም።

«እኔ ሥራ የለመድኩት የአባቴን እጅ እያየሁ ነው» ይላል በመጨረሻ። «እሱ ሰዓት ከመክፈቱ በፊት ያስል ነበር። ሳሉም የሥራው አካል መስሎኝ አብሬው እስል ነበር። የአንተ ‹በቀጠሮ ብቻ› ያ ሳል ነው። አጥፋው። ሟቾቹንም አስነሳቸው።»

«ስሙስ?» እላለሁ።

 ዓይኑን ከጠረጴዛው በላይ ወዳለው ግድግዳ ያነሳል። እዚያ አሥር ምስማር አለ፤ ዘጠኙ ላይ የተጠገኑ ሰዓቶች ተሰቅለዋል። ከአያቴ ዘመን ጀምሮ እዚህ የተጠገነ ሰዓት ሁሉ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ምስማር ላይ ሳይውልና ሳያድር ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ከዘገየ ወይም ከቀደመ ተመልሶ ይፈታል። አባቴ ይህን ደንብ ለማንም ሽሮ አያውቅም።

ስልኬን በላስቲክ ጠፍሮ በመጨረሻው ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። እኔ ቻርጀሩን እሰካለሁ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ትንሽ ወረቀት ቀድዶ የተሰቀለበትን ሰዓት ይጽፋል። ከሥሩ ‹ሠሪ› ብሎ ጽፎ ትንሽ ያስባል። በዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከዚያ ቃል ቀጥሎ፣ ከአያቴና ከአባቴ ስም ሌላ ተጽፎ አያውቅም።

የኔን ስም ይጽፋል። አንድም ፊደል አልሳተም።

ወረቀቷ ከስልኩ ሥር ትወዛወዛለች። ዘጠኙ ሰዓቶች ቀጭ ቀጭ ይላሉ። አሥረኛዋ ድምፅ የላትም፤ ግን አብራቸው ትራመዳለች።