የማይከፈተው የዝናብ ፋይል

በአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ግዙፍ ኮምፒዩተር አለ። ሠራተኛው «ዝሆኑ» ይለዋል። የስንት ዘመን የዝናብና የሙቀት መረጃ በሆዱ ይዟል። የሚንከባከቡት ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ አዛውንት ናቸው። አዲሱ ዳታቤዝ የዝሆኑን ፋይሎች ማንበብ ከቻለ ዝሆኑ ይጠፋል፤ አዛውንቱም ጡረታ ይወጣሉ።

ዝሆኑንና ዳታቤዙን የማገናኘቱ ሥራ የተሰጠው ለልጃቸው ባል ነው።

አማችየው ገና ሲጀምር ስክሪኑ ላይ «መግባት አልተፈቀደም» የሚል ጽሑፍ ወጣበት። መስመሩን ፈተሸ፤ ደህና ነው። የፋይሎቹን ስም አመሳከረ፤ ልክ ነው። ምድር ቤት ወረደ።

«አባባ፣ የማንበብ ፈቃድ የሚሰጡት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ከነይለፍ ቃሉ እሰጥሃለሁ።»

በማግስቱም ያው ጽሑፍ ወጣ። ሳምንታት አለፉ፤ ያው ነው።

«የቆለፉት አማትህ ናቸው» አሉት ሥራ አስኪያጁ። «ወንበሩ ጣፍጧቸዋል።»

«ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ቤት ሲገባ ደግሞ ሚስቱ አለች፦ «አባዬን እንዳትጫነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከዚያ ማሽን ሌላ የሚያዋራው የለም። ቤት ከዋለ በቁሙ ያልቃል።»



አዛውንቱን ግን ነገሩ የነካቸው አይመስልም። ጠዋት እያፏጩ ይገባሉ፤ ስለ ስህተቱ ሲጠየቁ ፈገግ ይላሉ። ይቺ ፈገግታ ናት ሥራ አስኪያጁን ያሳበደቻቸው። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አማችየውን አስከትለው ምድር ቤት ወረዱ።

«እስኪ ዓይናችን እያየ ሞክረው» አሉት።

አማችየው ግንባሩን ላብ ቸፈፍ አደረገው። የይለፍ ቃሉን መታ። አዛውንቱ ዓይናቸውን ከጣቶቹ ላይ አልነቀሉም።

«መግባት አልተፈቀደም።»

«በቃ፣ በዲሲፕሊን ይከሰሳሉ» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ በሩን በላያቸው ወርውረው ዘግተው ወጡ።

 አዛውንቱ ወንበር ስበው አማችየው አጠገብ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ፈቃዱን እኮ ያኔውኑ ሰጥቼሃለሁ፤ የይለፍ ቃሉን እያወቅክ አሳስተህ የምትመታው ለእኔ አዝነህ ከሆነ ተወኝ፣ ጡረታውን ከበላይ አካል ለምኜ ያገኘሁት እኔው ነኝ።»