ወንዝ ውስጥ ጥሎት የሄደው ጓደኛ

"ኧረ ወደ ኋላ በል! ጥላህን እያየ ነው ዓሣው የሚሸሸው!"

ገዱ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሶ ዛሪማ ወንዝ መሃል ቆሟል...

የሺዋስ ዳር ላይ ሆኖ ያየዋል።

"ዓሣው እኔን አይደለም የሚሸሸው። የዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ ጠምጥመህ 'ዝንብ ነው' ስትለው አፍሮልህ ነው።"

"ዓሣው ዝንብ ከመሰለው ዝንብ ነው ወንድሜ። ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚያዘው እንዲህ ነው።"

"በዚህ ሙቀት ምን ትራውት አለ? ትራውት ያለው ባሌ ነው... አንተ ታውቀው የለ።"

ይህን ሲል ድምፁ ተለወጠ።

ገዱ አልሰማም። ወይ እንዳልሰማ ሆነ...

ሁለቱም የደባርቅ ልጆች ናቸው። ከአንድ ሳህን እየበሉ ያደጉ። አሁን ሥራቸው ጎንደር ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት የየሺዋስ አባት ሞቱ።

አገር ምድሩ ለቅሶ ደረሰ። ከዳባት መጣ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣ። በድንበር የተጣላቸው ጎረቤት እንኳ ድንኳን ገብቶ "እግዜር ያጥናችሁ" አለ።

ገዱ አልመጣም።

የሺዋስ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ስልኩን ከፈተ... ገዱ ባሌ ውስጥ ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ነጠብጣብ ያለው ትራውት በሁለት እጁ አቅፎ፣ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል።

ፎቶው የተለጠፈው አባቱ በተቀበሩበት ቀን ነው።

ደውሎ አልተሳደበም። "ለምን ቀረህ?" ብሎም አልጠየቀም። ሲገናኙ ይስቅለታል፣ ምሳ ይጋብዘዋል... ፎቶዋን ግን ሆዱ ውስጥ ቋጠራት።

ባለፈው ሳምንት ገዱ ደወለ።

"መኪናህን አስነሳ፣ ዛሪማ ወርደን ዓሣ እናጥምድ። ስንመለስ ደባርቅ እናትህ ቤት እንገባለን፣ እዚያው እንጠብሰዋለን።"

እናቴ ቤት?! አለ የሺዋስ በሆዱ።

ያኔ እግርህ ያልረገጠው ቤት፣ ዛሬ ዓሣ ልትጠብስበት?

"እሺ" አለ የሺዋስ።

ቀኗን አገኛት...

"የሺ! ትንሿን ዝንብ ከመኪናው አምጣልኝ እስኪ!"

"መጣሁ!"

የገዱ ጫማ መኪናው ውስጥ ነው። ልብሱም፣ ስልኩም።

የሺዋስ ሞተሩን አስነሳ።

በመስታወቱ ሲያይ ገዱ በዚያ የጎማ ሱሪ እየተንገዳገደ ከወንዙ ይወጣል። "የሺ! ኧረ የሺ! ምን ዓይነት ቀልድ ነው?"

የሺዋስ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ሰው ሲፈልግህ መጥፋት እንዲህ ነው! ቅመሳት!"

የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሲወጣ ያፏጭ ነበር። ሁለት ዓመት የከበደው ደረቱ ቅልል አለው... ደግሞ ለእናቱ ሊነግራት ቸኮለ። እሷም ደስ ይላታል ብሎ አሰበ።

ደባርቅ ደረሰ።

የእናቱ ቤት በር ክፍት ነው። ሳሎኑ በሽማግሌ ተሞልቷል። አንዳቸውም አልተቀመጡም። መምሬ መልከ ጼዴቅ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከበሩ አጠገብ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ።

ምን እንደሆነ አልጠየቀም። የአገሩ ልጅ ነው፣ ያውቀዋል።

በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው። እስኪታረቁ ድረስ ሽማግሌ አረፍ አይልም፣ እህልም አይቀምስም።

"ገዱስ?" አሉ እናቱ፣ ወይዘሮ ሸጊቱ።

"ገዱን... ለምን ፈለጋችሁት?"

"አባትህ መቃብር ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አግኝቼው እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። የቀረኸው አንተ ነህ። 'እርቅ ካልኩት አይመጣም፣ ዓሣ ማጥመድ ብዬ ላምጣው' ብሎኝ ነው የሄደ። የት ጣልኸው ልጄ?"

የት ጣልኸው...

"ከኋላ... እየመጣ ነው።"

የመኪናውን ቁልፍ ጨብጦ ሊወጣ ሲል ደጅ ላይ አይሱዙ ቆመ።

ገዱ ወረደ። በቁምጣና በካኒቴራ። የጎማ ሱሪውን ትከሻው ላይ ጥሎታል። ባዶ እግሩን ነው፣ አንዱ ተረከዙ ደምቷል።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"ና ልጄ" አሉ መምሬ፣ "ድንጋይህን አንሳ።"

"ልሸከም ነበር የመጣሁት መምሬ። አጥፍቻለሁ። መርዶውን ሰምቼ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ፣ ከዚያ በምን ዓይኔ ልያቸው አልኩ..."

ወደ የሺዋስ ዞረ።

"ግን እሱ ዛሬ ጫማዬንና ስልኬን ይዞ በረሃ ላይ ጥሎኝ ሄደ።"

"እውነት ነው?" አሉ መምሬ።

የሺዋስ መሬት መሬት አየ።

ያኔ ወይዘሮ ሸጊቱ ጎንበስ አሉ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አነሱ። የገዛ ልጃቸው ማጅራት ላይ ጫኑት።

"በል! ተናገር!"

"ገዱ... ይቅር በለኝ።"

ሁሉም ገዱን አየው። እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ቢያወርድለት፣ ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር።

ገዱ የወይዘሮ ሸጊቱን ጉልበት ስሞ ቀና አለ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቴ ላይ እየሳቅህ ቂምህን አሳደግህ። አንተ በጊዜህ ተበቅለሃል... እኔም ይቅር የምልህ በጊዜዬ ነው።"

"ኧረ ስለ እግዚአብሔር ልጄ!" አሉ መምሬ።

ገዱ ወጣ። በሩን ከኋላው ዘጋው።

የሺዋስ ድንጋዩን እንደተሸከመ ቀረ...

ቤተሰቦቼ፣ ስትበደሉ ፊት ለፊት ተናገሩ። አድብቶ ቀን የሚጠብቅ ሰው፣ ቀኑ ሲመጣለት በዳዩ እሱ ሆኖ ይገኛል።

እናንተ ገዱን ብትሆኑ ድንጋዩን ታወርዱለት ነበር... ወይስ በሩን ትዘጉት ነበር?

እንደ ጨዋ ሳይሆን ልባችሁ እንዳለው መልሱልኝ 👇