በሻማ የታሸገ ፓፓያ

ሊቺ ልጇን አዝላ ፓፓያና አናናስ ስትልጥ፣ ስትከትፍ ዋለች። የአናናሱ ውሃ የተሰነጠቀ ጣቷን ያንገበግባታል። የከተፈችውን በላስቲክ ከረጢት እየሞላች አፉን በሻማ እያቀለጠች አሸገችው። አየር ከገባው ይበላሻል፤ ከስምንተኛ ክፍል ብታቋርጥም ይህን አታጣውም።

ሃያ ከረጢት ወጣው። መቱ ከተማ ካሉት ሆቴሎች የአንዱ የወጥ ቤት ኃላፊ ፈትለወርቅ፣ «ሦስት ቀን ፍሪጃችን ውስጥ አስቀምጬ አየዋለሁ፤ ካልተበላሸ የየቀኑ ሥራ ያንቺ ነው» ብላታለች። ባሏ ወደ ያዮ ለቡና ለቀማ እንደሄደ ወሬው ጠፍቷል። ይህ ሥራ ካመለጣት ወደ ኡካ መንደር፣ እናቷ ቤት መመለሷ ነው፤ እዚያም ለራሳቸው የሚበቃ የለ።

ፍሪጅ የላትም። የባለሱቁ የሰማን ሚስት፣ ጎረቤቷ እትዬ ሱልጣና፣ በሱቃቸው ፍሪጅ ከለስላሳው ጎን ቦታ ለቀቁላት። ከረጢቶቹን አገላብጠው አዩ። ነጠላዋንም ከሕፃኑ ፊት ገለጥ አደረጉት።

«አታፍኚው እንጂ፣ ያ ሊቺ! ልጅ ነው ወይስ የቡና ጆንያ?»

ሊቺ ለመሳቅም ደከማት።

በማግስቱ ጠዋት ልትወስድ ስትመጣ ስድስቱ ከረጢቶች ከላይ በኩል በመርፌ ተበሳስተዋል። እትዬ ሱልጣና ደጃፍ ተቀምጠው የትራስ ልብስ ይጠልፋሉ። የእህታቸው ልጅ ዱንያ ከሱቁ ጎን ጭማቂ ትሸጣለች።

«እትዬ፣ ምን በደልኩዎት?»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«የሆቴሉ እንግዳ ከኔ በልቶ የዱንያ ገበያ እንዳይቀዘቅዝ ነው አይደል? የልጄን ጉሮሮ እኮ ነው የዘጉት!»

እትዬ ሱልጣና መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት።

«እንዲህ ካሰብሽኝማ ምን እላለሁ? ዕቃሽን አንሺ።»

ሌላ ለመክተፍ ጊዜ አልነበረም። የተበሱትን ካርቶን ውስጥ ከታች ደበቀች፤ ደህናዎቹን ከላይ ደርድራ ባጃጅ ተሳፈረች።

በሦስተኛው ቀን ፈትለወርቅ አስጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ እንደ ፊኛ የተነፉ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ፈትለወርቅ አንዱን በቢላ ቀደደችው፤ ጠላ ጠላ ሸተተ።

ሊቺ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። «እትዬ፣ በልጄ እምላለሁ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም። ጎረቤቴ ናት በመርፌ የበሳችብኝ። ሁለተኛ ደጇን አልረግጥም።»

«የተበሱት?» አለች ፈትለወርቅ፣ «እነሱማ ስላልታፈኑ ምንም አልሆኑም፣ እንግዶቹ ዛሬ ቁርስ ላይ ጨረሷቸው፤ ከነገ ጀምሮ ሁሉንም እንደነሱ አድርገሽ አምጪልኝ ልልሽ እኮ ነው ያስጠራሁሽ።»